የቁጥር አራት እመቤትና የመግቢያው ዋጋ

ለክቡር አቶ ብዙነህ ገብረ ሊባኖስ
የላይ ዋሻ ማርያም ባለ ቁልፍና የጉብኝት ጉዳይ ኃላፊ
ዋግ ኽምራ

ጥር 29 ቀን 1997 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ በአስተያየት መስጫው ቅጽ ላይ ለቀረበልኝ ጥያቄ መልስ ስለ መስጠት

የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎ፣ በተለይም ለዓይንዎ ብርሃን እጸልያለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈውን ራስዎ እንዲያነቡት እንጂ ሌላ ሰው እያለሳለሰ እንዲያነብልዎ አልፈልግምና። ቤተሰብዎ ሁሉ ደህና ይሁኑ። ቅድመ አያትዎ ያሳነጿት፣ አያትዎም አባትዎም ቁልፏን በአንገታቸው አንጠልጥለው የጠበቋት ደብር ለልጅ ልጆችዎ ትለፍ።

እኔ ይታየሽ ትእዛዙ እባላለሁ። ባሕር ዳር ከተማ በልብስ ስፌት የምተዳደር፣ በአብዛኛው የተማሪ ዩኒፎርም የምሰፋ፣ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ሴት ነኝ። የተወለድኩት እዚያው ዋግ፣ ደሃና ነው። ባለፈው ሳምንት፣ ጥር ሃያ አንድ፣ በአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ደብርዎን ከጎበኙት ሰዎች አንዷ ነበርኩ። ስወጣ በሩ ላይ የቆሙት ሰው አንድ ቅጽ ከነእስክሪብቶው ሰጡኝ። ቅጹ፣ "የከፈሉት የመግቢያ ዋጋ ላዩት ነገር ተገቢ ነው ብለው ያምናሉ? ምክንያትዎን ይግለጹ" ይላል። ለምክንያቱ የተተወልኝ ቦታ አንድ መስመር ነበር። የኔ ምክንያት በአንድ መስመር ስላላለቀ ቅጹን ባዶውን መልሼ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገደድኩ። ደብዳቤውን ለሁሉም ግልጽ ያደረግሁትም በድፍረት አይደለም፤ ቅጹ ራሱ ከግርጌው "አስተያየትዎ ለሌሎች ጎብኚዎች ይጠቅማል" ስለሚል ነው።

አንደኛ፣ ስለ ትኬቱ። ለቅዳሴ የሚገባ ሰው እንደማይከፍል፣ ትኬቱም ከቤተ ክርስቲያኑ ኋላ ያለውን የአባቶችዎን ዋሻ ለማየት ብቻ እንደሆነ ተረድቻለሁ፤ ሕያው አምላክ በነጻ፣ ሙታን ግን በሃያ ብር መሆናቸው ጥሩ አሠራር ነው፤ ሙታን ቅሬታ አያቀርቡም። የአካባቢው ተወላጅ ደግሞ ዋሻውንም በነጻ እንዲያይ መፍቀድዎ ልቤን ነክቶታል። ትኬት ቆራጩን እዚሁ እንደተወለድኩ ነገርኩት። መታወቂያ አለኝ፤ የባሕር ዳር ቀበሌ ነው የሰጠኝ። በአገራችን ቋንቋ፣ በኽምጣኛ ለመንኩት። እሱም በኽምጣኛ፣ ወንድም ለእህቱ እንደሚናገረው አድርጎ፣ "እህቴ፣ እኔ እንኳ አምንሻለሁ፤ ትኬቱ ነው የማያምንሽ" አለኝ። ስለዚህ በአባቴ አገር እንግዳ ሆኜ ከፍዬ ገባሁ። ሰውየውን እንዳይቆጡት አደራ፤ ታዞ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሰዓቱ። ስምንት ሰዎች ሆነን ገብተን ዋሻው ውስጥ የቆየነው ከአምስት ደቂቃ አይበልጥም። ሌሎች በር ላይ ይጠብቁ ስለነበር ይህም እንደሚገባኝ ላረጋግጥልዎ እወዳለሁ። ሰው ሃያ ዓመት የናፈቀውን ነገር በአምስት ደቂቃ ማየት ባይችል ጥፋቱ የራሱ ነው፤ ቀልጠፍ ማለት ነበረበት።

ሦስተኛውን ቅሬታዬን ለጊዜው እዘለዋለሁ። ሁለት ጊዜ ጀምሬው ሁለት ጊዜ ወረቀቱን ቀደድኩት። ከአራተኛው በኋላ እመለስበታለሁ።

አራተኛ፣ ስለ አስጎብኚዎ ስለ አቶ አንዷለም። እንዲህ ያለ አንደበት ያለው ሰው በማግኘትዎ እንኳን ደስ አለዎት። ተራው ሰው በሰሌን ተጠቅልሎ አፈር እንደሚገባ፣ የእናንተ ቤተሰብ ሙታን ግን ከጥንት ጀምሮ በበሬ ቆዳ ተሰፍተው፣ አፈር ሳይነካቸው፣ በዚህ ደረቅ ዋሻ እንደሚጋደሙ አስረዳን። ሁሉም በየራስጌያቸው በቆርቆሮ ላይ ቁጥር ተጽፎላቸዋል። ቁጥር አንድ ደጃዝማች ናቸው። ቁጥር ሁለት ልጃቸው ናቸው። ቁጥር ሦስት የነፍስ አባታቸው ናቸው። ቁጥር አራት ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገና "ስሟ ያልታወቀ እመቤት" አለን። ሦስት መቶ ዓመት እንደሆናት፣ ባሏ ጦር ሜዳ ሲወድቅባት እህል ውኃ አልቀምስም ብላ እንደሞተች ነገረን። ከዚያ ዘንጉን አንሥቶ በቆዳው ትከሻ ላይ ያለውን የተቃጠለ የመስቀል ምልክት ሁለት ጊዜ ነካ ነካ አደረገና "ይህ የቤተ መንግሥቱ ማኅተም ነው፤ ያለዚህ ማኅተም ማንም እዚህ አይገባም ነበር" አለ። ቆዳው ደረቅ ድምፅ አሰማ። ከአዲስ አበባ የመጣች አንዲት ወይዘሮ በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች፤ ባሏም ፎቶ አነሳ።

እኔ አላለቀስኩም። እግሬ ስር ያለውን ድንጋይ እያየሁ ቆምኩ፤ ተራችን አልቆ ውጡ ስንባልም ወጣሁ።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው ልመለስ። ክቡር ሆይ፣ ቁጥር አራት እናቴ ናት።

ስሟም ይታወቃል፤ ወይዘሮ አገኘሁሽ ትባላለች። ሦስት መቶ ዓመት አልሆናትም፤ ብትኖር ገና ሃምሳ አራቷ ነበር። እህል አልቀምስም ያለችበት ቀን እንዳልነበረ በቅርብ ስለማውቅ አስጎብኚዎ ይህችን ቢያርማት መልካም ነው። በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር ሞተች። ከምን እንደሞተች ለዋግ ሰው ማስረዳት ነውር ስለሆነ አልፈዋለሁ።

ከእሷ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ቦራ የሚባለው በሬያችን ሞቶ ነበር፤ የቀረን እሱ ብቻ ነበር። አቶ አንዷለም በዘንግ የሚያሳየው ማኅተም የቦራ ነው። ከመሞቱ በፊት በነበረው ዓመት ፊት እግሩን ሲያነክስ ወጌሻ መጥቶ በጋለ ማጭድ ትከሻው ላይ በመስቀል ምልክት ተኮሰው። ገመዱን ይዤ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ከቦራ ይልቅ የጮህኩትም እኔ ነኝ። ያ ወጌሻ አንድ ቀን የቤተ መንግሥት ማኅተም አታሚ እንደሚባል ቢያውቅ ኖሮ ከአባቴ ላይ አንዲት ቁና ገብስ ብቻ ተቀብሎ ባልሄደ ነበር።

ሰሌናችንን በእህል ለውጠነው ነበር። ቆዳ ግን በዚያ ዓመት ገዢ አልነበረውም፤ በየቤቱ ሌላው ሁሉ አልቆ ቆዳው ነበር የቀረው። አባቴ የቦራን ቆዳ በውኃ አርሶ ዘረጋውና እናቴን ካስተኛት በኋላ፣ "እንግዲህ እንደ ጌቶቹ ትሄዳለቻ" አለ። ቀልድ አልነበረም፤ ይቅርታ ሲጠይቃት ነው። ከቀንበሩ ላይ የቆዳ ማሰሪያውን፣ ምራኑን ፈትቶ በወስፌ እየበሳ ሰፋት። ከጉልበቷ በታች ሲደርስ ወስፌው ከእጁ ወደቀ። ሦስት ጊዜ አነሳው፣ ሦስት ጊዜ ወደቀ። ያኔ ወደ እኔ ዞሮ "ነይ አንቺ ጨርሻት" አለኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሰባት ጥልፍ ሰፋሁ። መጨረሻውን የቋጠርኩት ፍየል በሚታሰርበት አቋጣጠር ነው፤ የማውቀው ቋጠሮ እሱ ብቻ ስለነበር። ዛሬ እንጀራዬ ስፌት ነው፤ በዓመት ስንት መቶ ዩኒፎርም እንደምሰፋ ቆጥሬው አላውቅም። የመጀመሪያው ስፌቴ ግን ዋሻዎ ውስጥ፣ ቁጥር አራት እግር ስር አለ። የሰው እጅ በስፌቱ ይታወቃል። የአባቴ ጥልፍ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ የኔው አጭርና ጠማማ ነው፤ አሁንም ስቸኩል ያው ወደ ግራ ይሄድብኛል። አስጎብኚዎ ማኅተሙን ሲያሳየን እኔ የማየው እግሯን ነበር።

አባቴና እንግዳው የሚባለው ጎረቤታችን በቃሬዛ ተሸከሟት፤ እኔም ከኋላ ተከተልኳቸው። እየወደቁ እየተነሱ ከማለዳ ተነሥተው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደብራችሁ ደረሱ። ቅጥር ግቢው ሞልቷል፤ መሬቱ ድንጋይ ሆኗል፤ ቆፋሪ ተብሎ የሚጠራ ጉልበት ያለው ሰው አልነበረም። ከውጭ እንዳይተዉአት ጅብ አለ። ያኔ አባትዎ ግራዝማች ገብረ ሊባኖስ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ። ቃሬዛውን አዩት፤ ቆዳውን አዩት፤ አባቴንም ከላይ እስከ ታች አዩት። የማን ወገን ናት ብለው አልጠየቁም። እንዲህ ነበር ያሉት፦

"ቆዳ ለብሳ የመጣች እንግዲህ የኛው ሰው ናት። አግቧት። ክረምት ይግባና መሬቱ ይለስልስ፤ ያኔ መጥታችሁ አፈር ታለብሷታላችሁ። እስከዚያ አደራው በኔ ላይ ነው፤ እኔ ባልኖር በልጄ ላይ።"

ልጃቸው እርስዎ ነዎት። ያኔ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆንዎ ነው፤ በግራ እጅዎ ጧፍ ይዘው ነበር። አባቴ ደክሞት ስለተቀመጠ በእግሯ በኩል ያነሷት እርስዎ ነዎት፤ በኔ ስፌት በኩል ማለቴ ነው። ያን ቀን ትኬት አልነበረም። መታወቂያም አልተጠየቀችም። እናቴ በነጻ ገባች።

ክረምቱን አልጠበቅነውም። በዚያው ሰሞን ለሰፈራ ተጭነን ወደማናውቀው ቆላ ሄድን። አባቴ በሁለተኛው ዓመት በወባ ሞተ፤ ሲሞትም ደጋግሞ የሚለው "ዝናብ ጣለ ወይ?" ነበር። ሰዎች ትኩሳቱ ነው አሉ። እኔ ግን ስለ የትኛው ዝናብ እንደሚጠይቅ አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ መንገዱ ተዘግቷል ተባለ፤ አንድ ጊዜ ጦርነት ነው ተባለ፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ የመሳፈሪያ አጣሁ፤ ቆይቶም ሳገኝ ፈራሁ። ክረምት ሃያ ጊዜ ገብቶ ወጣ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፤ በእርስዎ ላይ አላሳብብም። የዘገየሁት እኔ ነኝ።

እንዲህም ሆኖ ልባዊ ምስጋና አለብኝ። ከዋሻው ወጥቼ ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጠው ባገኘሁዎ ጊዜ፣ ጉዳዬን ከሥር ከመሠረቱ ስነግርዎ ሳያቋርጡ ሰምተውኛል። ጎብኚዎች በአጠገባችን ስለነበሩም ድምፄን ዝቅ እንዳደርግ በትሕትና ጠይቀውኛል። በመጨረሻም፣ "እህቴ፣ የመጣው ሁሉ እናቴ ናት ካለ ለእንግዳ የምናሳየው ምን ይቀረናል? ማስረጃ አለሽ?" አሉኝ። ማስረጃ መጠየቅ የታላቅ ሰው ወግ ነው። ነገር ግን ይህን ሲሉ ቀኝ እጅዎ አንገትዎ ላይ ወዳለው ቁልፍ ሄዶ ጨብጦት ቀረ። ያላስታወሰ ሰው ቁልፉን አይጨብጥም።

ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። ከነበርነው የቀረነው ሦስታችን ነን፤ አንዷ ቁጥር ተሰጥቷት ተጋድማለች፤ አንዷ ይህን ትጽፋለች፤ አንደኛው ያነባል። እንግዳው የት እንደደረሰ አላውቅም። እንግዲህ ማስረጃው ይህ ነው፦ ከእግሯ ጫፍ ወደ ላይ ሰባት ጥልፍ ይቁጠሩ። ስምንተኛው ይረዝማል፤ እሱ የአባቴ ነው። ቋጠሮው የፍየል ነው። ምራኑ የቀንበር ስለነበር መሐሉ ላይ ሞፈር የፈገፈገው ይታያል። ሦስት መቶ ዓመት የሆናት እመቤት በእርሻ ምራን ለምን እንደተሰፋች አቶ አንዷለም ቢጠየቅ ሌላ ያማረ ታሪክ እንደማያጣ እተማመናለሁ።

ላለመበደል ሌላም ልበል። በሚሰበስቡት ገንዘብ ጣሪያውን ቆርቆሮ እንዳለበሱ፣ መንገዱንም እንዳስጠረጉ አይቻለሁ። ሃያ ዓመት ጅብ አልነካትም፤ ዝናብም አልነካትም። ለዚህ ከልቤ አመሰግንዎታለሁ፤ ይህችኛዋ ምስጋና ሽሙጥ የለባትም። ብቻ አባትዎ አደራውን የተቀበሉት ዝናብ እንዳይነካት አልነበረም፤ ዝናብ እስኪመጣ ነበር። አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው የሚሉት አባቶቻችን አደራ ለእንግዳ የሚጎበኝ ነገር እንደሆነ ሳያውቁ ነው የሞቱት።

እናቴ በሕይወቷ ሰው ፊት ቆማ አታውቅም። እንግዳ ሲመጣ ከበር ኋላ የምትቆም ሴት ነበረች። አሁን ግን በቀን ስንት ጊዜ ትታያለች? ፎቶዋ በስንት ቤት ተሰቅሏል? ይህን ሳስብ መርፌው ከእጄ ይወድቃል፤ እንደ አባቴ አነሳዋለሁ፤ ይወድቃል። ባሕር ዳር ያሉ ደንበኞቼ ሥራ አዘገየሽ እያሉ ነው፤ ምን ብዬ እንደምመልስላቸው አላውቅም።

አሁን ወደ ቅጽዎ ጥያቄ ልመለስ፤ ለካ ይህ ሁሉ ጽሑፍ የሱ መልስ ነበር። የመግቢያው ዋጋ ላየሁት ነገር ተገቢ ነው ወይ? አዎ፣ ክቡር ሆይ፣ ተገቢ ነው። እናቱን በሃያ ብር ያየ ሰው ተወደደብኝ ቢል ግፍ ይሆንበታል። ከዚህ የረከሰ ነገር በሕይወቴ ገዝቼ አላውቅም፤ የምመክረውም ለሁሉም ነው። ቅር ያለኝ ነገር ቢኖር ብሩን በሌሎች ሰዎች ፊት መክፈሌ ነው፤ ሌላው ይቅር፣ ለእናት የሚከፈል ነገር በስተኋላ በኩል ቢሰጥ ደግ ነበር።

ልመናዬ አንድ ነው። በመጪው ሐምሌ ሃያ አንድ፣ መሬቱ ሲለሰልስ፣ እመጣለሁ። ሰሌኑን ገዝቻለሁ፤ ቤቴ በር ኋላ ቆሟል። ሁለት ቆፋሪዎች ከአምደወርቅ ይመጡልኛል፤ ፍትሐት የሚያደርሱላትን ካህናትም አነጋግሬያለሁ። ከእርስዎ የምፈልገው ቁልፉን ከአንገትዎ እንዲያወርዱ ብቻ ነው። ከፈቀዱም በእግሯ በኩል ቢያነሱልኝ ደስ ይለኛል፤ አያያዙን ያውቁታልና። ግራዝማችም ካሉበት ሆነው ልጃቸው የያዘውን ያያሉ።

የቁልፉ ክብር በአንገትዎ እንዲጸና፣ የእንግዳ እግር ከደጅዎ እንዳይጠፋ፣ እርስዎንም የአደራ ዕዳ ሳይጫንዎ በሰላም ቀን፣ በለሰለሰ መሬት፣ ልጆችዎ በተሰበሰቡበት አፈር እንዲያለብስዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

የቁጥር አራት እመቤት ልጅ
ይታየሽ ትእዛዙ
ባሕር ዳር

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ አገኘሁሽ፣ በላይ ዋሻ ማርያም፣ ቁጥር አራት

ሳልረሳው፦ በትኬት መቁረጫው መስኮት ላይ የመግቢያው ዋጋ በትልቁ ተጽፏል፤ የመውጫው ግን አልተጻፈም። በሐምሌ ስመጣ የሁለት ሰው የምከፍለውን አዘጋጅቼ እንድመጣ አስቀድመው ቢያሳውቁኝ እወዳለሁ፤ ስገባ አንድ ነኝ፤ ስወጣ ሁለት ነን።